የማጠቢያው ድንጋይ ፊት

ኅዳር 4 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ሁለት ጋቢ፣ አራት አንሶላ፣ የጎረቤቱ መምህር ሸሚዞች። ጋቢዎቹን አሰጣሁ። አንሶላው ሳፋ ውስጥ ቀርቷል። ማርታ ደብዳቤ ይዛ መጣች፤ እጄን ሳላደርቅ ተቀበልኳት። የፖስታው ጥግ በሳሙና ረጠበ።

ማርታ የጓሮውን ክፍል የተከራየችኝ ናት። መናኸሪያ ጨርቅ ትሸጣለች። የልጄ ደብዳቤ የሚመጣው በእሷ ሱቅ ፖስታ ሣጥን ነው። ልጄ ትዕግሥት ጣሊያን አገር ትማራለች። ደብተሬ፣ ከዚህ በኋላ ት. እላታለሁ። ስሟን ሙሉውን ስጽፍ ሆዴ ይባባል።

ት. ከዩኒቨርሲቲዋ ጋር ሦስተኛ የመስክ ጉዞ ሄዳለች። ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ። ከሮም ሰዎች በፊት የነበሩ ሰዎች መቃብር አዩ። አለት ፈልፍለው የሠሩት። አልጋው ከድንጋይ፣ ትራሱም ከድንጋይ። ዝናብ ዘንቦ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ሦስት ሹራብ ደርባ ስትገባ አብረዋት የሚማሩት ሳቁባት፤ አንቺን አይተው ሙታኑም ይሞቃቸዋል አሏት። እኔም ሳቅኩ።

ቀጥሎ ያለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አስተማሪያቸው ወደ አንድ ገበሬ ግቢ ወሰዳቸው። ከብት የሚጠጣበት የድንጋይ ገንዳ አለ። ገንዳው የሬሣ ሣጥን ነበር፤ እጅግ የቆየ። የገበሬው አያትም ከብት ያጠጣበት ነበር። አስተማሪው ገበሬውን አልተቆጣም። ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ፣ እናንተስ ቤት ምን አለ፣ አላቸው። እያንዳንዳቸው ካደጉበት አካባቢ አንድ ድንጋይ መርጠው ለክፍሉ ያቀርባሉ።

ት. ትጠይቀኛለች። እማ፣ የእኛ ማጠቢያ ድንጋይ ከየት ነው የመጣው? ፎቶ አስነስተሽ ላኪልኝ።

ይህን ያነበብኩት ድንጋዩ ላይ አንድ እጄን አስደግፌ ነው። እጄን አነሳሁ።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

አንሶላዎቹን ሳፋ ውስጥ ፈትጌ ጨረስኩ። ድንጋዩን አልነካሁትም። ወገቤ ተቆረጠ።

ደብተሬ፣ አንተ ት. አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች የያዘችህ የሒሳብ ደብተር ነህ። ግማሽህ ቁጥር ነው። በቀረው ግማሽህ ስለ ዝናብ ጽፌያለሁ፤ ስለ ሐይቁ መሙላት፤ ስለ ባሌ ስለ ታደሰ ሞት እንኳ ጽፌያለሁ። ስለ ድንጋዩ አንድም ቀን።

ቁመቱ የተኛ ሰው ያህላል። ግራጫ። አንዱ ጫፉ ክብ፣ ሌላው ሻካራ። ከቧንቧው አጠገብ ዘይቱን ዛፉ ሥር ተጋድሟል፤ አሥራ አምስት ዓመቱ።

ታደሰ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ኤንትሬ። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ከዲላ ወዲያ ለመንገድ ሥራ ጠጠር ያመላልስ ነበር። እኔ ፒያሳ ላለ ሆቴል አንሶላ ማጠብ ጀምሬያለሁ። ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጣልኝ አልኩት። በየጉዞው ነዘነዝኩት። አንድ ቅዳሜ ከረዳቱ ጋር ተሸክመው አወረዱት። ከትንሿ ድልድይ አለፍ ብሎ፣ ቡና ተክል ዳር ወድቆ አገኘሁት አለ። የማንም አይደለም አለ።

አንድ ጎኑ ልሙጥ ነበር። ሌላው የተቀረጸ። እንደ ጎድን አጥንት የተደረደሩ መስመሮች፤ ከመስመሮቹ በላይ ሁለት ጉድጓድ፣ በመካከላቸው ረጅም አፍንጫ። ት. ስምንት ዓመቷ ነበር። ሮጣ መጥታ፣ ሰው ነው፣ አለች። ታደሰ ልሙጡን ወደ ላይ እናድርገው አለ። እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ። መስመሮቹ ለማሸት ይመቻሉ አልኩ።

ይመቹ ነበር። ውሸት የለበትም።

ዛሬ አጎንብሼ በጣቴ ፈለግኩት። አፍንጫው የለም። ዓይኖቹ የሉም። መስመሮቹ የተላሰ ከረሜላ መስለዋል። በየቅዳሜው እንዳያንሸራትተኝ አረንጓዴውን በሐይቅ አሸዋ እፈገፍገው ነበር። ሳሙና ብቻውን ድንጋይ አይበላም። የበላው ክንዴ ነው።

ኅዳር 10፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ት. ደወለች። ምን እንደምላት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በመንገድ ላይ አሰናድቼ ነበር። ደህና ነሽ ወይ ብላ ሳትጨርስ ቀደምኳት። ያ ማጠቢያ ድንጋይ ተሰብሯል፣ ከቆሻሻ ጋር አስጣልኩት አልኩ። አባትሽም ከድንጋይ ጠራቢ ነበር የገዛው አልኩ። ሁለት ውሸት በአንድ ትንፋሽ።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

ከዚያ፣ "አይዞሽ እማ፣ ድንጋይ ነው" አለችኝ። ዕቃ እንደ ተሰበረበት ሰው አጽናናችኝ። ይህን ስትለኝ ድንጋዩን በመስኮት እያየሁት ነበር። ማርታ ካልሲዋን ታጥብበታለች፤ እየዘመረች።

ት. ከመዝጋቷ በፊት ሌላ ደብዳቤ መንገድ ላይ እንዳለ ነገረችኝ። ሲደርስሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው አለች።

ምን ይሆን የጻፈችው። ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ፣ የሚካኤል ዕለት

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል። ከዚያ ነጭ ውስጥ ግማሹን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ድንጋይ ላይ።

እንግዲህ ልጻፈው።

ድንጋዩ በመጣ በዓመቱ ነው። አንድ ሽማግሌ በራችን ላይ ቆመ። ዱላ የያዘ፣ ኮቱ አቧራ የጠጣ። ከመናኸሪያ ጀምሮ የኤንትሬ ሾፌሩን የታደሰን ቤት እየጠየቀ ነው የመጣው። አማርኛው ጥቂት ነው፤ ለመጣበት ጉዳይ ግን ይበቃዋል። "ድንጋይ" አለኝ። "የአባቴ አባት።" ቁመቱን ሊያሳየኝ እጁን ከራሱ በላይ አነሳ። ቆሞ የነበረ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። እኔ የማውቀው ተጋድሞ ነው።

ታደሰ መንገድ ላይ ነበር። ድንጋዩ ከኋላዬ ነው፤ የሆቴሉ እርጥብ አንሶላ ተቆልሎበታል። እንዲህ ያለ ድንጋይ እዚህ የለም አልኩት።

ት. ቀሚሴን ይዛ ቆማለች። "እማ፣ ያ የድንጋዩ ሰውዬ..." ብላ ጀመረች። ክንዷን ጨበጥኩት። ዝም እስክትል አልለቀቅኳትም። የጣቶቼ ምልክት እስከ ማግሥቱ ነበር።

ሽማግሌው እኔን አየ፤ እሷን አየ። ውሃ ለመነኝ። በጣሳ ሰጠሁት። ጠጣና የቀረውን መዳፉ ላይ አፍስሶ የት. አናት ላይ ረጨ። በቋንቋው መረቃት። መጨረሻ ላይ በአማርኛ አንድ ቃል ጨመረ። "ትማር።"

ሄደ። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ አንሶላውን አላነሳሁም።

ታደሰ ሲመለስ ነገርኩት። መልሼ እወስደዋለሁ አለ። ሰው ሌባ ይለናል ብዬ ከለከልኩት። እውነቱ ሌላ ነው። የሆቴሉ ሥራ በዝቶልኝ ነበር፤ ድንጋዩን እጄ ለምዶታል። ታደሰ ሁለተኛ አላነሳውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አላየሁትም። ጫማውን እንኳ ከአጥሩ ሥር ነበር የሚያጥበው። በአምስተኛው ዓመት በጉበት ሞተ። ድንጋዩ ገደለው አልልም። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ የማውቀው ይህን ነው።

ት. ረስታዋለች እያልኩ አሥራ አራት ዓመት ኖርኩ።

ኅዳር 15፣ ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ጾም ገባ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እሱን ካልጻፍኩ ያለፈውም መጻፌ ከንቱ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ከት. ጋር ነው። እሷ አንደኛ ክፍል፣ እኔ ሠላሳ ዓመቴ። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ሽሮዬን እያማሰልኩ ከትከሻዋ በላይ አያለሁ። ከዚያ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ። ከዚያ የእሷ መጻሕፍት፣ አንድ በአንድ፣ እሷ ትምህርት ቤት ስትውል። በስድስተኛ ክፍል የኅብረተሰብ መጽሐፏ ውስጥ ፎቶ አገኘሁ። የእኛ ድንጋይ አይደለም፤ ወንድሞቹ ናቸው። ሣር ላይ ቆመዋል። ከሥሩ የመቃብር ምልክት ናቸው ይላል።

ገጹን ቀደድኩት። እሳት አያያዝኩበት። እኔ፣ የጋዜጣ ቁራጭ መሬት ላይ ሳይ አንሥቼ የማነብ ሴት። ት. ገጹን ስታጣ ሲገዛም ጎዶሎ ነበር አልኳት። አመነችኝ፤ ወይም ያመነች መሰለች።

ይህን ሁሉ ደብቄ ልጄ የድንጋይ ተማሪ ሆነች።

ማርታ ዛሬ ሳፋ ውስጥ ስፈትግ አይታ ሳቀች። "እትዬ ብርቄ፣ ከድንጋዩ ጋር ተጣላችሁ እንዴ? ሽማግሌ ልላክ?" አለችኝ። ቀልዷን ነው። ሽማግሌ ስትል ግን ወደ በሩ ዞርኩ።

ኅዳር 18፣ ሰኞ፣ ከሰዓት 8

ማርታ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል፣ ዓሣ ገዝታ መጣች። የወንጌል አማኝ ናት፤ ጾሙ አይመለከታትም። ሦስት ቆሮሶ። ቢላዋዋን ይዛ እንደ ልማዷ ድንጋዩ ላይ ዘረጋቻቸው።

እዚያ ላይ አይሆንም አልኳት።

"ሁልጊዜ እዚህ አይደል እንዴ የምበልተው? ደግሞ አጥበዋለሁ።"

አይሆንም አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለማላውቅ ደነገጠች። ምን ሆነው ነው አለችኝ። ያን ጊዜ ሁሉም ወጣ። ታደሰ፣ ቡናው፣ ሽማግሌው፣ ጣሳው። ቆሜ ነው የነገርኳት። የነገርኩት የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት።

የት አካባቢ እንደሆነ ጠየቀች። ከዲላ ወዲያ፣ ትንሽ ድልድይ አለፍ ብሎ አልኩ። ቢላዋዋን አስቀመጠች። አገሯ ነው። አውቅ ነበር። ከዚያ በኩል እንደመጣች ክፍሉን ስትከራየኝ ነግራኛለች። ሦስት ዓመት በዚህ ድንጋይ ላይ ስታጥብ እያየሁ ዝም አልኩ።

"የእኛ ሰዎች ናቸው እኮ" አለች። ቀስ ብላ። "እኔ ካልሲ አጥቤበታለሁ።"

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በባልዲ ውሃ ቀድታ የዓሣውን ደም ከላዩ አወረደች፤ በመዳፏ አበሰችው። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ዓሣው ሳህን ላይ ቀረ። ከሐይቁ የመጣ አንድ አባ ኮዳ፣ ትልቁ ወፍ፣ አጥሩ ላይ ሆኖ ያየው ነበር። አላባረርኩትም።

ኅዳር 21፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 11

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ስትወጣም ስትገባም በጓሮ በኩል። ዛሬ መጥታ ከበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ነው ያወራችኝ።

ከሱቋ አጎቷ ጋ ደውላለች። አጎቷ ጠይቆ አገኘ። ሽማግሌው ካረፈ ቆይቷል። ልጁ አለ፤ ቡናው የእሱ ነው። ድንጋዩ ቆሞበት የነበረው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ዙሪያውን ቡና ተክለዋል፤ እዚያ ላይ አልተከሉም። ይመጣል ብለው ነው።

ቢመጣ ይቀበላሉ። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋሉ። ማን እንደወሰደው፣ ማን እንደደበቀው በፊታቸው ይነገር። በሰው አፍ ካልተነገረ ድንጋዩ አይቆምም ብለዋል።

ማርታ አዘነችልኝ መሰለኝ። እርስዎ አይምጡ አለች። "እኔ ከአጎቴ ጋር አደርሰዋለሁ። ሾፌሩ ወሰደው፣ ሞተም እላለሁ። የሞተ ሰው ምን ይሆናል?"

እሺ አልኳት።

ደብተሬ፣ እሺ አልኳት። ልሙጡን ወደ ላይ እናድርገው ላለው ሰውዬ፣ መልሼ እወስደዋለሁ ላለው። ክሱን ለእሱ ሰጠሁት፤ መልስ ስለማይሰጥ።

ኅዳር 25፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ደብዳቤው ደረሰ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ እንዳለችኝ።

ት. የጻፈችው ከመደወሏ በፊት ነው። የማቅረቢያዋ ቀን ስለደረሰ መልሴን ሳትጠብቅ አቅርባለች። ፎቶ ስለሌላት ድንጋዩን ከትዝታዋ ሥላ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ለክፍሉ የነገረችው ይህን ነው፤ እናቴ ልብስ ታጥብበት ነበር፣ ያደግኩበት ዳቦ፣ የተማርኩበት ዩኒፎርም ከዚያ ድንጋይ ነው የወጣው። የመቃብር ድንጋይ ነው። አንድ ሽማግሌ ሊወስደው መጣ፤ እኛ የለም አልነው።

እኛ ብላለች። እናቴ አላለችም።

እዚህ ላይ የራሷን ቃል ልገልብጠው። "እማ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ግን አውቅ ነበር። ስለዚህ እኔም ዋሽቻለሁ። የማስታውሰው ክንዴን ስላመመኝ እንዳይመስልሽ። ሲመርቀኝ ውሃው አናቴ ላይ ቀዘቀዘኝ፤ እሱ ነው የማይረሳኝ። አብራኝ የምትማር አንዲት የግሪክ ልጅ ድንጋዩ አሁን የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ዘንድ በደህና ተቀምጧል አልኳት።"

በደህና።

እንግዲህ በስልክ ተሰበረ ስላት ሁሉን ታውቅ ነበር። ዝም ያለችው ለዚያ ነው። አይዞሽ ያለችኝ ለዚያ ነው። ስዋሽ እየሰማች አሳለፈችኝ፤ ልጅ ሆና እንዳደረገችው። አሁን ክንዷን የያዘው ማንም የለም።

ከደብዳቤው ጋር ሥዕሉን አጥፋ ልካለች። ወደ ግቢው ይዤው ወጣሁ። ሁለት ክብ ዓይን። ረጅም አፍንጫ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ስብራት፤ ት. ያንንም አስታውሳለች። ከሥር ሰባት መስመር። ወረቀቱን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። ወረቀቱ ላይ ሰው አለ። ድንጋዩ ላይ የለም።

ሥዕሉ ላይ እንባ እንዳይነካው ራቅ አድርጌ ያዝኩት።

ኅዳር 26፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ማርታ ወደ ሱቅ ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኳት። ታደሰ እንዳይባል አልኳት። እኔ እሄዳለሁ፣ እኔ እናገራለሁ አልኩ።

ሰዎቹ ብዙ ሆነው ነው የሚቀመጡት እትዬ፣ አለችኝ። ሁሉም ያዩዎታል።

ይዩኝ አልኩ። ስለው የበሩን መቃን ጨብጬ ነበር። ይህንንም ልጻፈው፤ ጀግና ሆኜ አይደለም።

ከዚያ የቅዳሜ መኪና እንደምትጠይቅ ነገረችኝ። ስትሄድ ከበሩ ዞራ፣ "ሳፋዎን ያስቀምጡት፤ ዛሬ ወገብዎን ያሳርፉ" አለች። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ደግ ቃል ነው።

ለት. ጻፍኩ። ስድስት ወረቀት ቀድጄ በሰባተኛው የወጣው አራት መስመር ነው። ድንጋዩ አልተሰበረም። ከጠራቢ አልተገዛም። ከመጽሐፍሽ የጎደለውን ገጽ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ እመልሰዋለሁ፤ ሥዕልሽን ይዤ። ማርታ ፖስታ ቤት አደርሳለሁ አለች። አይሆንም፣ ራሴ እወስደዋለሁ አልኩ። በእግሬ ሄጄ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ሲወድቅ ሰማሁት።

ኅዳር 30፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

አይሱዙው በር ላይ ነው። አራት ጫኞች። ድንጋዩ ሲነሳ ከሥሩ መሬቱ ገርጥቷል፤ ሣር ያልበቀለበት፣ የሰው ቁመት ያህል። ጫኞቹ ይቀልዳሉ፤ እማማ፣ ወርቅ ቀብረውበታል እንዴ ይላሉ። ማርታ ፊቱን እንዳትቧጥጡት ብላ ጮኸችባቸው። አንዱ ጎንበስ ብሎ ግራ ቀኝ አየው። የቱ ነው ፊቱ አላት፤ ሁለቱም ጎን ልሙጥ ነው። ማርታ ወደ እኔ ዞረች። በእጄ አሳየሁት። በዚህ በኩል አልኩት።

ገመድ እያሰሩ ነው። በዚህች መሃል ነው የምጽፈው፤ ደረጃው ላይ። ሥዕሉ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። ለሽማግሌው ልጅ እሰጠዋለሁ። አባትህ የፈለገው ድንጋይ መልኩ ይህ ነበር፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ይቀበለኝ ይሆናል፤ ላይቀበለኝም ይችላል። ማርታም አላውቅም አለች።

ትናንት አንድ ዓረፍተ ነገር በቋንቋቸው አስተማረችኝ። በማርታ አፍ እንዳይሆን በራሴ አፍ ልለው። ትርጉሙ፣ የለም ያልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ምላሴ አልያዘውም። ጠዋት ተነሥቼ በፊደላችን ግራ መዳፌ ላይ ጻፍኩት፤ በት. እስክሪብቶ።

ማርታ ትጣራለች። ጋቢና ውስጥ ቦታ ይዛልኛለች።

እስክንደርስ ድረስ እጄን አልታጠብም።